ሴንግላ ያጎረሰችኝ ነጭ ሥር

ጥር 4

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂዋ ሴንግላ ናት። ሌላ ማንም አይደለም። የባሌ ታናሽ እህት ናት። ባሌ ጥሎኝ ሄዶ እዚያው በሄደበት ሲሞት እሷ አጥር ተጋርታኝ ቀረች። ከዚያ ሰውዬ የደረሰኝ ውርስ እሷ ብቻ ናት።

ደረቴን ያመኛል። የቅርጫቱ ማንገቻ ሲነካኝ ጥርሴን ነክሼ ነው የምችለው። ቁስል አይደለም። እንደ አራስ ወጥሮኛል። ወልጄ የማላውቅ ሴት፣ ስልሳን ካለፍኩ በኋላ!

የማታ ትምህርት ቤት መምህራችን፣ «እጃችሁ እንዳይረሳ በየጊዜው ጻፉ» ብሎናል። ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው። የምጽፈው ስለሌለኝ ስለ ሴንግላ እጽፋለሁ። ስለ እሷ የሚጻፍ አይጠፋም።

ጥር 7

ጫካ ወጣን። ሐረጉ ቅጠሉን አራግፏል፤ ሥሩ የሚወፍረው አሁን ነው። ኩዋው ክሩዋ እንለዋለን። ነጩ ለሴት፣ ቀዩ ለወንድ ይባላል። ሴንግላ አፈሩን ስታሸት ነጩ የት እንዳለ ታውቃለች። እኔ እቆፍራለሁ፣ እሷ ታወራለች።

«እትዬ፣ ይሄን እይልኝ! የሕፃን ራስ አክሏል።»

«ዝም ብለሽ ያዢው።»

«ለአንቺ ነው። ይሄ ብቻውን ደረትሽን ከአጥሩ ማዶ ያደርሰዋል፤ እኔ ከቤቴ ሳልወጣ ሰላም እለዋለሁ።»

ሳቅኩ። ስስቅ ደግሞ አመመኝ። መውረጃው ላይ ቅርጫቱን ከእኔ ነጥቃ በራሷ ላይ ደረበችው። ወገቧ እንደሚያማት አውቃለሁ። «ስጪኝ» ብላት፣ «ሽማግሌ አላሸክምም» አለችኝ። በእኔና በእሷ መካከል ያለው ዕድሜ ምን ያህል ሆኖ ነው!

ጥር 11

ሥሩ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በቀርከሃ ሰፌድ ላይ ፀሐይ ሞቀ። ዛሬ ወቀጥን። አንዱ ሙቀጫ፣ ሁለት ዘነዘና። እሷ ስታነሳ እኔ እጥላለሁ። ከዚህ ሥራ የምወደው ይሄን ነው፤ ለእሷ ግን ነግሬያት አላውቅም።

የእናቷ ሕግ እንዲህ ነበር። ዱቄቱ በማር ይለወሳል። እንክብሉ ከቁንዶ በርበሬ ፍሬ አይበልጥም። ማታ አንድ። ደሟ ለደረቀ ሴት ብቻ፣ እንቅልፍ እንዲወስዳትና ጉልበቷ እንዲጠና። ወጣት አይነካውም። ደግሞ በየሙቀጫው የመጀመሪያውን እንክብል የቤቱ ትልቅ ሴት ትውጠዋለች፣ መድኃኒቱ እንዲታመን።

የቤቱ ትልቅ ሴት እኔ ነኝ። ሴንግላ በጣቷ አንስታ፣ «አፍሽን» ትላለች። እከፍታለሁ።

ከከተማ የምትመጣው ነጋዴ ፓይሊን ግን አሁን ሌላ ነገር ነው የምትፈልገው። የሴት ልጅ ፎቶ ያለበት ማሸጊያ አመጣች። በላዩ ላይ የተጻፈውን ራሴ አነበብኩት፦ «ደረት ያሳድጋል። ከጫካ የተገኘ፤ ጉዳት የለውም።» እንክብሉም ባቄላ እንዲያክል አለች፤ የከተማ ሴት ትዕግሥት የላትም። ስለዚህ የመጀመሪያውም ባቄላ አከለ።

የተሰባበሩትን ደግሞ እኔ እበላቸዋለሁ። ምግብ አይጣልም።

ጥር 15

ቸኩያለሁ። ሁለት ሴቶች ከከተማ መጥተው ሴንግላ ትጠራኛለች። ሰማያዊውን ሸሚዝ ለበስኩ፤ ሌላው እርጥብ ነው።

ጥር 15፣ ማምሻውን

አሳፈረችኝ። በሴቶቹ ፊት ትከሻዬን ይዛ እንደ ገበያ በሬ አዞረችኝ።

«ይቺን እዩ። የወንድሜ ሚስት ናት። ስልሳ አልፏታል። ሳንቃ ነበረች፣ ሳንቃ! ወንድሜ፣ ‹ሌሊት ስዞር ከሚስቴ ጋር ይሁን ከበሩ ጋር የተኛሁት አላውቅም› ይል ነበር። አሁን እዩዋት።»

አንደኛዋ፣ «እማማ፣ እውነት ነው? ምንም አልሆኑም?» አለችኝ።

«ምን እሆናለሁ!» አልኩ።

«አያሳምምም?»

ሴንግላ አየችኝ። «የሚያሳምመኝ የእሷ ምላስ ነው» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። የያዘችውን ገዝተው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ወረድኩባት። ባሌ ስለ በሩ ያለውን ቀልድ እሷም ታውቀዋለች ማለት ነው። መንደሩም ያውቀዋል። «አንቺ አፈ ሰፊ፣ ሁለተኛ እንደዚህ ብታዞሪኝ» ብዬ ጀመርኩ። «ሸሚዙ አምሮብሻል» አለችኝ። ቀሪውን ረሳሁት።

ሴቶቹ በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሌላውንም ሸሚዝ ማጥበብ ሳያስፈልግ አይቀርም።

ጥር 22

ሴንግላ አላወቀችም። ዛሬ ጠዋት ደም አየሁ።

ትንሽ ነው። ሳልታመም አልቀረሁም ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ደግሞ ሌላ ነገር ነው የመሰለኝ። የሴንግላ እናት፣ «የበላው ሽማግሌ ፀጉሩ ይጠቁራል፣ አሮጊት እንደ ኮረዳ ትሆናለች» ትል ነበር። ጥቁሩን ሽርጥ ለበስኩ።

ጥር 25

ደም። ዛሬም።

ጥር 28

ሴንግላ ደረሰችበት። የእኛ አገር ሴት ሽርጧን ወንድ ከሚያልፍበት በላይ አትሰቅልም፤ ከጓሮ ዝቅ ባለችው ገመድ ላይ ነው የምታሰጣው። ሴንግላ አጥሩን ተደግፋ ገመዴን ቆጠረች።

«ጥቁሩን ብቻ ነው የምታጥቢው። በየቀኑ።»

«ምን አገባሽ!»

ዓይኗ ፈጠጠ። ከዚያ እጇን አጨበጨበች። «እትዬ! ደምሽ ተመለሰ? ንገሪኝ እንጂ!»

አጥሩን ዘላ መጣች፤ በዚያ ወገቧ! ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሕፃን አገላበጠችው። «እናቴ ያለችው እውነት ነው። ልጅ ሆንሽ። ልጅ ሆንሽልኝ!» እያለች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም። ማንም ሰው ስለ እኔ ደስ ብሎት ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ይሆናል።

ከዚያ ሄዳ ሙቀጫውን ከቤቴ አነሳችው።

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ደም ላይ ያለች ሴት መድኃኒት አትወቅጥም፤ አጠገቡም አትደርስም። ከነካችው ኃይሉ ይጠፋል። ይሄም የእናቷ ሕግ ነው። «ጥቂት ቀን ነው እትዬ፣ እስኪቆም» አለችኝ። ወጣትነት ይሄን ያህል ያስቀጣል ብሎ ማን አሰበ!

የካቲት 3

ገበያ ሄድኩ። ሁሉም ሰምቷል። ሴንግላ ናት፤ ሌላ ማን ሊሆን! ዓሣ ሻጯ ዓሣውን ትታ ደረቴን ታያለች። ብስክሌት ጠጋኙ ሽማግሌ፣ «ቡዋፋን፣ ሽማግሌ ልላክ ወይስ ራሴ ሽማግሌ ስለሆንኩ ልምጣ?» አለኝ። «መጀመሪያ ጥርስህ ይመለስ» አልኩት። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ስመለስ ዳገቱ አቃተኝ። ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ሙቀቱ ነው።

ፓይሊን የምትፈልገውን መጠን ጨምራለች አሉ። «ደም የመለሰ» እያለች ታስወራለች።

የካቲት 9

ከአጥሩ ማዶ ይወቀጣል። አንድ ዘነዘና ብቻ። ምቱ ልክ አይደለም። ሴንግላ ብቻዋን ስትወቅጥ ትቸኩላለች፣ ከዚያ ወገቧን ይዛ ታቆማለች። ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል።

እንክብሏን ግን ትሰጠኛለች፤ በአጥሩ በኩል እጇን አሾልካ። «አፍሽን።»

የካቲት 13

አልቆመም። ሲቀንስ ደስ ይለኛል፣ በማግሥቱ ይብሳል። ወጣት ሳለሁ እንዲህ አልነበረም። ግን ያ ድሮ ነው፣ ረስቼው ይሆናል።

ለሴንግላ ብዬ ነው የማልናገረው። ብናገር የእነዚያ ሁሉ ሴቶች እምነት ይፈርሳል። እኔ ነኝ ምስክሯ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዛሬ መስታወት አየሁ። ፊቴ ገርጥቷል። ደረቴ ግን ያምራል። ይሄን መጻፍ አልነበረብኝም።

የካቲት 16

ሴንግላ በአጥሩ በኩል ሾርባ ሰጠችኝ።

«ዛሬስ?»

«ገና ነው።»

«ይሄን ያህል? እንዴት ያለሽ ኮረዳ ነሽ!» አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ራስሽን ያዞርሻል?»

«የሚያዞረኝ አንቺ ነሽ።»

አልሳቀችም። ሾርባውን እስክጨርስ ቆማ አየችኝ።

የካቲት 20

ዋሸኋት። «ቆሟል» አልኳት።

ምን ላድርግ? ጭሱ ወርዷል፣ ሰዉ ኮረብታውን እያቃጠለ ነው፣ ማዶ አይታይም። ቤት ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ያንን የተጣመመ ምት መስማት ሰለቸኝ። ሙቀጫ ያለ ሁለት ሰው ሙቀጫ አይደለም።

ደስ አላት። «ዕረፍትሽ አለቀ፣ ነይ ሥሪ» አለችኝ። በሽርጤ ሥር ጨርቅ ደራርቤ ሄድኩ። ሕግ አፈረስኩ። መድኃኒቱ ኃይሉን አጣ አላጣ ማን ያውቃል? ኃይሉ ቢቀንስ ምን ነበረበት!

የካቲት 21

ትናንትም ዛሬም ስንወቅጥ ዋልን። ብዙ መጻፍ አማረኝ።

ሴንግላ ስለ ወንድሟ አነሳች። አንስታው አታውቅም ነበር።

«እትዬ፣ ያንን የበሩን ቀልድ ሲናገር እኔ እዚያ ነበርኩ። በሠርግ ቤት ነው። አንቺ ከጓሮ ሩዝ ትቀቅያለሽ። ሁሉም ሳቀ።»

«አንቺም ሳቅሽ።»

«እኔም ሳቅኩ። ልጅ ነበርኩ።» ዘነዘናዋን አሳረፈች። «ያን ቀን አጎንብሰሽ የሩዙን ክዳን ስትከፍቺ አየሁሽ። ሰምተሻል።»

«ወሬ ተይና ወቅጪ።»

«መጀመሪያ ይሄን እንክብል የሰጠሁሽ ለመቅመስ መሰለሽ? ቀማሽ አጥቼ?»

ዘነዘናዬን ጣልኩ፣ እሷም አነሳች። ዕድሜ ልኬን ለዚያ ሰው ስል ደረቴን በነጠላ ሸፍኜ ኖርኩ። እሱ የሄደባት ሴት ደረተ ሙሉ ነበረች፣ እንደ ጎታ። አሁን ሰው ሲያየኝ ቀና እላለሁ። ይሄን ከእኔ ማን ሊወስድ ይችላል? ደግሞ ሴንግላ የሰጠችኝ ነው። የሰጡትን መመለስ ነውር ነው።

ራሴን ያዞረኛል። ነገ እተኛለሁ።

የካቲት 26፣ ሆስፒታል

መምህራችን ይሄን ደብተር በሴንግላ እጅ ላከልኝ። የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

እየወቀጥን ነበር። ዘነዘናው ከእጄ ወጣ። ስነቃ መሬት ላይ ነኝ፣ ራሴ ሴንግላ ጭን ላይ ነው። የተቀመጥኩበት ዱካ ቀልቷል። ሽርጤም፣ አፈሩም። ሙቀጫው ተደፍቶ የፓይሊን ዱቄት ሁሉ መሬት ላይ ነው። ፓይሊን በማግሥቱ ልትወስደው ነበር።

ስለ ሕጉ እስክትጮህብኝ ጠበቅኩ። «ሙቀጫውን አረከስኩብሽ» አልኳት።

ሙቀጫውን ዞር ብላ አላየችውም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ቆሞ ነበር፣ ዛሬ ነው እንጂ…»

«ቡዋፋን!» በስሜ ብቻ ጠርታኝ አታውቅም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«አልቆመም። አንድም ቀን።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ጎረቤት ጠርታ በሞተር ብስክሌት ላይ በእሷና በነጂው መካከል አስቀመጡኝ፤ በነጠላዋ ከወገቧ ጋር አሰረችኝ። መንገዱን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ትናገራለች። ለእኔ ሳይሆን ለሟች እናቷ። «እማዬ፣ ምን አደረግኩ፣ እማዬ» ነው የምትለው።

የካቲት 27

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ለስላሳ። የወር አበባዬ ከቆመ ስንት ዓመት እንደሆነው ጠየቀችኝ። ከእኔ በፊት ሴንግላ መለሰች። የምወስደው ነገር እንዳለ ጠየቀች። ሴንግላ ከጉያዋ አንድ ማሸጊያ አወጣች። ልትደብቀው ትችል ነበር። አወጣችው።

ሐኪሟ ፎቶውን አየች፣ አነበበች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም።

«እማማ፣ ከደረቀ በኋላ የሚመጣ ደም የተመለሰ ወጣትነት አይደለም። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ የበሽታ ምልክት ነው ብለን ነው የምንይዘው። በመጀመሪያው ቀን መምጣት ነበረብዎት።»

«የጫካ ሥር ነው እኮ» አለች ሴንግላ። «ፋብሪካ የገባ ነገር የለበትም። ማርና ሥር ነው።»

«አውቃለሁ። እዚህ አገር ነው ያደግኩት። ሥሩ ውስጥ የሴትን ሆርሞን የሚመስል ነገር አለ። ሰውነት እውነት ይመስለዋል። ጡት ሊወጠር፣ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። የማኅፀን ግድግዳም ሊወፍር ይችላል፤ እሱ ግን በመስታወት አይታይም።»

«ታዲያ ጡት ያሳድጋል ማለት ነው?» አለች ሴንግላ።

«ያሳድጋል ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገርበት በቂ ጥናት አላየሁም። ያበጠውም ሲተዉት ይጎድላል። ጉዳት የለውም ተብሎ እዚህ የተጻፈውን ግን ማንም ሊጽፍ አይችልም። ከአንዱ ኮረብታ የወጣው ሥር ከሌላው ይበረታል። በዚህች እንክብል ውስጥ ስንት እንዳለ እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም።»

«እኛ እኮ ከእናት እናት…»

«እናትሽ ምን ያህል ነበር የምትሰጠው?»

ሴንግላ የትንሿን ጣቷን ጫፍ አሳየች።

«አሁንስ?»

ሴንግላ እጇን ወደ ጭኗ መለሰች። ከዚያ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ በቀን ስንት ይወስዱ ነበር?»

«አንድ» አልኩ።

ሴንግላ ቀና ብላ አየችኝ። ሐኪሟም ጠበቀች።

«የተሰባበሩትንም» አልኩ። «በቀን የተገኘውን ያህል።»

ይሄን ሴንግላ የማታውቅ መሰለኝ፤ እሷ በቀን አንድ ብቻ የምውጥ መስሏት ነው የምትሰጠኝ። ሴንግላ ግን የአልጋውን ጨርቅ ነው ያስተካከለችው።

ሐኪሟ ደረቴን በእጇ ዳሰሰችኝ። የሚያሰጋ እብጠት አላገኘችም። ከማኅፀኔ ግን ጠርገው ወስደው ይመረምሩታል። ውጤቱ ይቆያል። ክፉው በሽታ ሊሆን ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አልዋሽዎትም» አለችኝ።

መጋቢት 2

ቤት። ደም ሰጥተውኛል፣ መድኃኒትም። ሴንግላ አልጋዋን ይዛ መጥታ ከእኔ ቤት ተኝታለች። ታንኮራፋለች።

መጋቢት 6

ፓይሊን መጣች። እኔ ውስጥ ተኝቻለሁ፣ እነሱ ደጅ ናቸው።

«ሴንግላ፣ ደንበኞች ይጠብቁኛል። የተደፋውስ ተደፋ፣ አዲስ ውቀጪ።»

«አልወቅጥም።»

«ምን ሆነሽ ነው? አንዲት አሮጊት ብትታመም…»

«አንዲት ምን?»

«እኔ ያልኩት…»

«ደግመሽ በያት። አንዲት ምን?»

ከዚያ መጥረጊያ ሰማሁ። ፓይሊን የሞተሯን ቁልፍ እንኳ በወጉ ሳትይዝ ሄደች። ማሸጊያዎቹን ሴንግላ ጓሮ አቃጠለቻቸው፤ የዚያች ልጅ ፎቶ ያለባቸውን ሁሉ። «ልጅቷ አሳዘነችኝ» አለችኝ ስትገባ። «ማን እንደሆነች እንኳ አናውቅም።»

ምን እንደምንበላ ጠየቅኳት። «ሙዝ እንሸጣለን» አለች። «ሙዝ ደረት አያሳድግም፣ ማንም አይገዛንም» አልኳት። ስንስቅ ቤቱ ተናወጠ።

መጋቢት 12

ደረቴ እየጎደለ ነው። ሐኪሟ እንዳለችው። ሰማያዊው ሸሚዝ ሰፋኝ።

ይሄን ለማንም አልነግርም፣ እዚህ ግን እጽፈዋለሁ። አለቀስኩ። በሽታው ሳይሆን ይሄ ነው ያስለቀሰኝ። በዚህ ዕድሜ፣ ሞት በር ላይ ቆሞ፣ ስለ ሸሚዝ!

ሴንግላ ገባች። ሸሚዙን አየች፣ እኔን አየች። መርፌና ክር አመጣችና ጎኑን አጠበበችው። «አሁን ልበሺው» አለችኝ። ልኬ ሆነ። የበፊቱ ልኬ።

«ሳንቃ ሆንኩ» አልኳት።

«የወንድሜ ዓይን ነው ሳንቃ» አለችኝ።

መጋቢት 19

ውጤት አልመጣም። ሴንግላ በየቀኑ መንገዱን ታያለች። ትዕግሥቷ ሲያልቅ ሄዳ ቀርከሃ ትቆርጣለች። ምንም የሚሠራበት የለም። ጓሮው ቀርከሃ ብቻ ሆኗል።

እኔ ከሞትኩ ተጠያቂዋ እሷ ናት ተብሎ ይወራባታል። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የተሰባበሩትን ማን እንደበላ ከሐኪሟና ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ እሷም አትናገርም። እንደማትናገር አውቃታለሁ።

መጋቢት 24

ውጤቱ መጣ። ክፉው አይደለም።

ወደ ክፉው የሚወስድ መንገድ ላይ ነበር አለች ሐኪሟ። የማኅፀኔ ግድግዳ ወፍሯል፤ ገና አልተበላሸም። መድኃኒቱን እየዋጥኩ እመላለሳለሁ፣ እንደገና ጠርገው ያያሉ። «ሥሩን ዳግመኛ በአፍዎ እንዳያደርጉት» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሴንግላ ዞራ፣ «አንቺም የሸጥሽላቸውን ፈልጊና ንገሪያቸው። ደም ያየች ካለች ትምጣ» አለቻት።

ሴንግላ የሐኪሟን እጅ ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችው። ወደ ውጭ ወጥታ ዛፍ ሥር ተቀምጣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። «ይብቃሽ፣ ሰው ያያል» አልኳት። «ይይ» አለችኝ።

መጋቢት 29

ገበያ ሄድን፣ ሁለታችንም። ሴንግላ እንደዚያ ጊዜው ትከሻዬን ይዛ አላዞረችኝም። ለብቻዬ ቆሜ ተናገርኩ። ዓሣ ሻጯ፣ ብስክሌት ጠጋኙ፣ ሁሉም ሰሙ። «ደሜ አልተመለሰም። ታምሜ ነበር» አልኩ። ሰው ለመሳቅ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

አንዲት ወጣት ሚስት፣ የሩዝ ነጋዴው ምራት፣ ተከትላን መጣች። ከፓይሊን ገዝታ ነበር። ባሏ ስለሚቀልድባት ነው አለች። በየሁለት ሳምንቱ ደም ታያለች፤ «ሥራውን እየሠራ ነው ብዬ» አለች። ሴንግላ በዚያው ቀን ራሷ ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች። ስትመለስ ደክሟታል። «ስንት እንደዚህ ያሉ ይኖሩ ይሆን፣ እትዬ?» አለችኝ። አላውቅም። እሷም አታውቅም። ከፓይሊን እጅ የገዙትን ማን ያገኛቸዋል?

ሚያዝያ 5፣ የአዲስ ዓመት ውሃ ቀን

ልጆች መንገዱ ላይ ውሃ ይራጫሉ። የእኛ የትልልቆቹ ሥርዓት ደግሞ ታናሽ በታላቅ እጅ ላይ የሽቶ ውሃ አፍስሶ ምርቃት የሚቀበልበት ነው። ሴንግላ ሳህን ይዛ መጥታ ከፊቴ ተንበረከከች። ወገቧ ተንቋቋ።

«እትዬ፣ ያስቀየምኩሽን ይቅር በይኝ» አለች። በየዓመቱ የሚባል ቃል ነው፤ ሁሉም ይለዋል። ዘንድሮ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል መጨረስ አልቻለችም።

ውሃው በመዳፌ ላይ ወረደ። መመረቅ የእኔ ነበር። «የተሰባበሩትን እኔ ነኝ የበላሁት» አልኳት። ምርቃት አይደለም፣ ግን እሱ ነው የወጣልኝ።

«ለሐኪሟ ሳትነግሪያትም አውቅ ነበር» አለች። «የስብርባሪው ማሰሮ ሲጎድል በአይጥ ሳሳብብ ነው የኖርኩት። እያወቅኩ ዝም አልኩ። ቀና ብለሽ ስትሄጂ ደስ ይለኝ ነበር።»

«እኔም።»

ከዚያ ረጅም ዕድሜ መረቅኳት፣ ጤናማ ወገብም፣ አጭር ምላስም። የመጨረሻውን እግዚሩም የሚሰማኝ አይመስለኝም አልኩ።

ተነስታ ቅርጫቷን ከፈተች። ትኩስ ሩዝ በጣቶቿ አድቦልቡላ በቀይ ወጥ ነክራ ወደ አፌ ዘረጋችው። «አፍሽን።»

አፌን አልከፈትኩም። «ምን አለበት?» አልኩ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። የተቀየመች መሰለኝ። ቆይታ ግን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። «ጨው በዝቶበታል» አለች። «ቸኩዬ ነው።»

ጎረስኩ። እውነቷን ነው፣ ጨው በዝቶበታል። ሁሉንም በላሁት። እሷን ዛሬም ከማንም በላይ አምናታለሁ፤ ግን ከእንግዲህ ከማንም እጅ፣ ከእሷም ቢሆን፣ ሳልጠይቅ አልውጥም።